ልጆች፣ አያትና አንድ ቤተ መጻሕፍት፦ ክረምታችን በዋሽንግተን ዲሲ

ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግሥት ሁለቱ ልጆቼ ሶፋው ላይ ተደርድረው «ዛሬስ ምን እናደርጋለን?» አሉኝ። የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፔትዎርዝ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቴ ቀን ታክሲ ይነዳል፤ እኔ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ። ታላቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ታናሹ አምስት። ዘንድሮ ደግሞ እናቴ ልትጠይቀን ከደሴ መጥታለች። አምስት ሰው በዚያ ሙቀት እዚያች ቤት ውስጥ ሲውል ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል።

ለአንድ የክረምት ካምፕ ደውዬ ነበር። ለሁለቱ ልጆች ለአንድ ሳምንት የነገሩኝ ዋጋ ከሳምንት ደመወዜ በለጠ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁና በማግሥቱ ልጆቹንና እናቴን አስከትዬ በአረንጓዴው መስመር ባቡር ተሳፈርሁ። ጋለሪ ፕሌስ ወርደን ጥቂት ከተራመድን በኋላ ማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ገባን። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እንመላለሳለን። ብዙ የአገሬ ልጆች በበሩ እያለፉ ገብተውበት ስለማያውቁ ያየሁትን ልጻፈው ብያለሁ።

በአገራችን ልጅ ከትምህርት የሚያርፈው በክረምት ስለሆነ፣ እዚህም የእረፍቱን ወራት «ክረምት» እያልን እንጠራቸዋለን። እናቴ አይዋጥላትም። «ይህ ምን ክረምት ነው? ሐሩር ነው እንጂ!» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ደሴ በሐምሌ ጭጋግና ጭቃ ናት። እዚህ ሙቀቱ 95 ዲግሪ ፋራናይት፣ በእኛ መለኪያ 35፣ ሲደርስ ከተማው ማስጠንቀቂያ ያውጃል፤ ቤተ መጻሕፍቱም ሰው ከሙቀት የሚጠለልባቸው ቦታዎች ይሆናሉ። የመጀመሪያ ቀን የገባነው እኛም ለመጽሐፍ ብለን አልነበረም፤ ቅዝቃዜ ፍለጋ ነበር።

ሕንፃው ከውጭ ሲታይ ጥቁር ብረትና መስታወት ብቻ ነው። ንድፉን የሠራው ሚስ ቫን ደር ሮሄ የተባለው ታዋቂ አርክቴክት ሲሆን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ በ211 ሚሊዮን ዶላር ታድሶ በ2020 እንደገና ተከፈተ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «መሥሪያ ቤት ነው፤ መታወቂያ ይጠይቁናል» ብላ እጄን ያዘች። ማንም ምንም አልጠየቀንም። በውስጥ የዶክተር ኪንግን ሕይወት የሚያሳየውን ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ስታይ ቀና ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ላይ ከመውጣቷ በፊት ሁልጊዜ ትሳለመዋለች ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የልጆቹ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መደርደሪያዎቹ ልጅ ቆሞ የሚደርስባቸው ናቸው። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ «እማዬ፣ አውርጂልኝ» ሳይል መጽሐፉን ራሱ አውጥቶ፣ ራሱ ገልጦ፣ ካላማረው ራሱ ይተወዋል። ሸርተቴም አለ፤ አዎ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ታናሹ መጀመሪያ ሸርተቴው ላይ ይወጣል፤ አራት አምስት ጊዜ ከተንሸራተተ በኋላ ላቡን ጠርጎ መጽሐፍ ፍለጋ ይሄዳል። እኔ ባደግሁበት ቤት መጽሐፍ በቁም ሣጥን ተቆልፎ የሚቀመጥ፣ እጅ ታጥቦ የሚነካ ነገር ነበር። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ፍርሃቱ ግን ከእኔ ጋር አብሮ አድጓል። ልጄ ያ ፍርሃት የለበትም።

ስለ ተረት ሰዓቱ ትንሽ ልቆይ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ልጆቹን ምንጣፉ ላይ ታስቀምጥና ሥዕሉን ወደ እነሱ አዙራ፣ ድምፅዋን እየቀያየረች ታነብላቸዋለች። በመካከሉ ይዘፈናል፣ ይጨበጨባል። አንድ ማክሰኞ የተነበበው ስለ ተኩላ ነበር። እናቴ ከኋላ ተቀምጣ እንግሊዝኛውን ሳትሰማ ሥዕሉን ብቻ ተከታተለች። ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ታናሹን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «ተረት ተረት» አለችው። «የላም በረት» አላት፤ ይህን እኔ አላስተማርሁትም፣ እሷው ናት። ከዚያ ያንኑ ታሪክ ከሥዕሉ እንደ ተረዳችው ነገረችው፤ ተኩላው ጅብ ሆነ፣ ጫካው የጦሳ ተራራ ሆነ፣ ልጅቷ ደግሞ የተላከችው ለአያቷ ድፎ ዳቦ ልታደርስ ሆነ። ታላቋ ስልኳን አስቀምጣ አዳመጠች። «እምዬ፣ መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይልም እኮ!» ብትላት፣ «መጽሐፉ ያላየውን እኔ አይቻለሁ» አለቻት። ፔትዎርዝ ስንደርስ ገና አላለቀም ነበር፤ የጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እስክትል ጨረስነው።

ከከተማው ውጭ ባለ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ግን ባለፈው ዓመት አንድ ሠራተኛ በልጆቹ ማዕዘን ለልጄ በአማርኛ ሳነብለት ሁለት ጊዜ መጥቶ «ቀስ» ብሎኛል። አጠገቤ በእንግሊዝኛ ከእኔ ጮክ ብላ የምታነብ እናት ነበረች። ያ ቀን እስካሁን ያመኛል። ልጄ በዚያ ዕድሜው የትኛው ቋንቋ ጮክ ተብሎ እንደሚነገር፣ የትኛው እንደሚንሾካሾክ እንዲማር አልፈልግም። እዚህ፣ በኪንግ ቤተ መጻሕፍት፣ የልጆቹ ክፍል የልጆች ድምፅ የሚሰማበት ነው፤ እናቴም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አታውቅም።

በክረምት ልጆች ያነበቡትን እየመዘገቡ ሽልማት የሚያገኙበት ውድድር አለ። ታላቋ በየቀኑ ትመዘግባለች። አያቷ የምትደግመውን መዝሙረ ዳዊት አጠገቧ ተቀምጣ ፊደል በፊደል ስታነብ አየኋትና «ይህስ ይቆጠራል?» ብዬ ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ ፈገግ ብላ በየትኛውም ቋንቋ ቢነበብ ማንበብ ነው አለችኝ። ልጄ ሦስት ዓመት ሙሉ በእሑድ የአማርኛ ትምህርት ያልያዘላትን ፊደል በአንድ ወር ያዘች፤ ኀ እና ሐ ላይ ብቻ አሁንም ከአያቷ ጋር ይከራከራሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ቤተ መጻሕፍቱ የድሮ ካሴትና ፎቶግራፍ ወደ ኮምፒውተር የሚገለበጥበት ክፍል አለው፤ ያለ ክፍያ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና በ1988 ዓ.ም. ለወንድሙ ድምፁን ቀድቶ የላከው ካሴት እጄ ላይ ነበር፤ ማጫወቻ ስለሌለኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ቀጠሮ ይዘን ሄድን። ሥራው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ካሴቱ ስንት ደቂቃ ከሆነ መገልበጡም ያንኑ ያህል ይፈጃልና ልጆች ይዞ ለሚሄድ ትዕግሥት ይጠይቃል። የጆሮ ማዳመጫውን መጀመሪያ ያደረገችው ታላቋ ናት። አያቷን፣ አባቴን፣ አይታቸው አታውቅም። ጥቂት ሰምታ «ሰውዬው ስለ ዝናብ ነው የሚያወሩት» አለች። ማዳመጫውን ለእናቴ ሰጠኋት። እናቴ ምንም አልተናገረችም፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ቆይታ ቆይታ «ይሰማችኋል? ያ አውራ ዶሮ የእኛ ነው» አለች። ከአባቴ ድምፅ በስተኋላ እውነትም አውራ ዶሮ ይጮኻል። አሁን ታናሹ ማታ ሲተኛ «የዶሮውን» አጫውቱልኝ ይላል።

ስለ ምሳ። በክረምት በከተማው ባሉ አንዳንድ የቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፎችና በሌሎች ቦታዎች፣ 18 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ነፃ ምሳ ይሰጣል። ቅጽ አይሞላም፣ የገቢ ማስረጃ አይጠየቅም፤ ልጁ እዚያው ይበላል፣ አለቀ። እኔ መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ልጆቼ ተርበው አያውቁም፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዳቦና ዕንቁላል ቋጥሬ እሄድ ነበር። ከዚያ ሱፍ የለበሰ አባት ሁለት ልጆቹን ይዞ ተሰልፎ ሳይ ቁምነገሩ ገባኝ፤ ነገሩ ለልጅ የተዘጋጀ ነው፣ ልጅ ደግሞ ልጅ ነው። እናንተም አትፈሩ። የትኛው ቅርንጫፍ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ አስቀድሞ መጠየቅ ግን ይሻላል።

የአባልነት ካርዱ ነፃ ነው፤ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በኩል በአቅራቢያው የሚኖሩትም ያገኙታል። መጽሐፍ ለሦስት ሳምንት ይዋሳሉ፤ ቢዘገይም የገንዘብ ቅጣት የለም። ዲሲ ውስጥ የምትኖሩና ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያላችሁ ደግሞ አስመዝግቡት፤ በየወሩ አንድ መጽሐፍ በስሙ በፖስታ ይመጣለታል። ልጄ አምስት ዓመት እስኪሞላው ይመጣለት ነበር፤ ስሙ የተጻፈበት ፖስታ በሕይወቱ መጀመሪያ የደረሰው ከቤተ መጻሕፍት ነው። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ወላጆች፦ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ባለጉዳዩን አስተርጓሚ አቅርበው እንዲያስተናግዱ ያዛል፤ «አማርኛ» ብቻ በሉ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን አስባለሁ። በስደት መጥተው ሳን ፍራንሲስኮ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከልጆች መጻሕፍት ጋር ሲሠሩ፣ በአማርኛ ለልጅ የሚሰጥ መጽሐፍ ማጣታቸው አላስተኛቸው ብሎ አገር ቤት ተመልሰው በ2003 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ፣ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ቀጥለውም በሐዋሳ አካባቢ በአህያ ጋሪ መጻሕፍት አዞሩ። ያ ጎደሎ ዛሬም አልሞላም፤ የትም ብትሄዱ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሰው ሲመጣ ልብስ ሳይሆን የልጆች መጽሐፍ አስመጣለሁ። እህቴ ልጆቿን ክረምት ክረምት አራት ኪሎ፣ በ2014 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ትወስዳቸዋለች፤ የአክስት ልጆቹ በስልክ «ዛሬ ምን አነበባችሁ?» ይባባላሉ።

ማስጠንቀቂያ ካላችሁኝ ሦስት አሉኝ። ቤተ መጻሕፍት ሞግዚት አይደለም፤ ትንሽ ልጅ ትቶ ወደ ሥራ መሄድ አይሆንም፣ ማንም እንዲጠብቅላችሁ አትጠብቁ። ለተረት ሰዓቱ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። አያት ካለች ደግሞ ጋቢ ያዙላት፤ ማቀዝቀዣው አይጣል ነው፣ እናቴ በሐምሌ ጋቢ ለብሳ ስትቀመጥ ያየ ሁሉ ፈገግ ይላል። እሑድ የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከቅዳሴ መልስ ይመቻል። ልጆቹ ሲሰለቹ አምስተኛ ፎቅ ጣሪያው ላይ የአትክልት ቦታ አለ፤ ከዚያ ከተማውን እያዩ ይተነፍሳሉ።

እናቴ ለመስከረም ትመለሳለች። ነገ ሐሙስ ነው፣ ሰባት መጻሕፍት እንመልሳለን። ስድስቱ ቦርሳ ውስጥ ገብተዋል። ሰባተኛው የተኩላው ነው፤ ታናሹ አልጋ ሥር ደብቆታል፣ «እምዬ ወደ ደሴ ትውሰደው፣ ጅቡን ታሳየው» እያለ። ማራዘም ይቻል እንደሆነ ነገ እጠይቃለሁ።