ለቪትዜ ምንጣፍ ለሠሩልኝ የደብረ ብርሃኑ ጋሼ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የምጽፈው ብዙ ጊዜ ሲከፋኝ ነው፤ ዛሬ ግን ለማመስገን መጥቻለሁ። ደብረ ብርሃንና አካባቢው መኪና ያላችሁ፣ በተለይ በክረምት ወደ ገጠር የምትመላለሱ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ነገሩ የመኪና ምንጣፍ ነው። አዎ፣ እግር የምናሳርፍበት ምንጣፍ። "ለምንጣፍ ይሄ ሁሉ ጽሑፍ?" የምትሉ አትጠፉም፤ እኔም አምና እንደ እናንተው ነበርኩ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ እናቴ ግን (እቴቴ ነው የምላት) እነዋሪ በኩል ናት። የዚያን አገር ጭቃ ያየ ያውቀዋል። መረሬ አፈር ነው፤ ለጤፉና ለምስሩ በረከት፣ ለጫማ መዓት። በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ አንድ እርምጃ በተራመድክ ቁጥር ከጫማህ ሥር ሌላ ጫማ ይበቅላል። እቴቴ ጉልበቷን ስለሚያማት በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ሐኪም አመጣታለሁ።

የማፍርበትን ልንገራችሁ። አምና ክረምት መኪናዬን፣ ያቺን ቶዮታ ቪትዝ፣ ላቫጆ አሳጥቤ በሄድኩበት ቀን፣ እቴቴ ጋቢና ልትገባ እግሯን ስታነሳ "ኧረ እቴቴ ጫማሽን!" ብዬ ጮህኩባት። ምንም አላለችኝም። ዝናቡ እየወረደባት ምርኩዟን በሩ ላይ አስደግፋ ጎንበስ አለችና ጫማዋን አወለቀች። በፌስታል ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በዚያ ብርድ ደብረ ብርሃን ድረስ በባዶ እግሯ መጣች። ከዚያ ወዲህ ሳልናገራትም ታወልቃለች። አታውልቂ ብላትም ታወልቃለች። ምንጣፍ ፍለጋ የወጣሁት በዚህ ነው እንጂ መኪና ማሽሞንሞን አምሮኝ አይደለም።

የመጀመሪያውን አዲስ አበባ ገዛሁ። የሱቁን ስም አልጠራም፣ እግዜር ይይለት። ሻጩ ልጅ አፉ ማር ነው። "ለቪትዝ ተብሎ የተሠራ ኦሪጅናል ነው፣ ክረምት ከበጋ ያገለግልሻል" አለኝ። 7,500 ብር ከፍዬ ተሸክሜ መጣሁ። ስዘረጋው የሹፌሩ በኩል አልገጥም አለ፤ አንዱ ጠርዝ ግድግዳ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ይተጣጠፋል። ስደውልለት "ስትነጂው ይለምዳል" አለኝ። ምንጣፍ ይለምዳል? ኅዳር ላይ የኛ ውርጭ ሲመጣ (ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ እኮ ነው ያለነው) እንደ ቁርበት ድርቅ ብሎ ጠዋት ስረግጠው ይንኳኳ ጀመር።

ጥር ላይ ለሠርግ ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ደግሞ ሊፈጀን ነበር። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን እንደጀመርን ነዳጅ መስጫውን ለቀቅ ሳደርገው አልመለስ አለ። ምንጣፉ ተንሸራቶ ሄዶ ተቀርቅሮበታል። ጉም ነው፣ መንገዱ ጥምዝምዝ ነው፣ ከፊቴ ጭነት የጫነ አይሱዙ አለ። ፍሬኑን ባለኝ አቅም ረግጬ፣ ማርሹን ፎሌ አስገብቼ፣ ዳር እስክይዝ ድረስ ስንት ቅዱሳን እንደጠራሁ አላውቅም። ከኋላ የተቀመጡት አክስቴ እስካሁን መኪናዬ ውስጥ አይገቡም። ወንድሜ በኋላ እንደነገረኝ ቶዮታ ራሱ በዚሁ በምንጣፍና በነዳጅ መስጫ ጣጣ በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 3.8 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን እንዲስተካከሉ መልሶ ጠርቷል። እኔ ብቻ አይደለሁም ለካ።

ሱቁ ጋ ተመልሼ ስሄድ ያ አፈ ማር ልጅ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። በቃ።

ሁለተኛውን እዚሁ ከተማችን ገዛሁ፤ ይሄንንም ስሙን አልጠራም። "ለሁሉም መኪና ይሆናል" የሚሉት ዓይነት ነው፣ 3,000 ብር። በመቀስ ቆራርጠው አነጠፉልኝና ሸኙኝ። የበልግ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በዳር በዳር እየፈሰሰ ከሥር ገባ። ላዩ ደረቅ ነው፣ መኪናዋ ግን ዝናብ እንደመታው የበግ ለምድ ትሸታለች። ሽቶ ሰቀልኩ፣ ቡና አጨስኩባት፣ ምንም። ጭራሽ ሰውዬው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ምናልባት የምትጭኚያቸው ሰዎች ይሆናሉ።" የምጭነው እናቴን ነው እኮ!

እንግዲህ ግንቦት ላይ የላቫጆ ልጆች ናቸው "ለምን ጋሼ ጋ አትሄጂም?" ያሉኝ። ጋሼ ምንጣፍ ነጋዴ አይደሉም። የመኪና ወንበር ልብስ ይሰፋሉ፤ አንዲት ጠባብ ቤት፣ አንድ አሮጌ ሲንጀር፣ በር ላይ የተጠቀለለ ወፍራም ጎማ። ታክቶኝ ስለነበር ሰላም እንኳ በወጉ አላልኳቸውም። "ምንጣፍ ይሠራሉ? ስንት ነው?" ብቻ አልኩ።

እሳቸው ዋጋ አልነገሩኝም። መነጽራቸውን አጥልቀው በሹፌሩ በር በኩል መሬት ላይ ተንበረከኩና ምንጣፉን አንስተው እጃቸውን ከሥር ሰደዱ። ቆዩ። ከዚያ ዞረው በጋቢናው በኩልም እንደዚያው አደረጉ። ተነሥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ "ልጄ፣ ይቺ መኪና መሪዋ የዞረ መሆኑን ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

አራት ዓመት ነድቻታለሁ፣ አላውቅም! የሸጠልኝም ሰው አልነገረኝም። ጠርተው አሳዩኝ፤ ምንጣፍ የሚይዙት መንጠቆዎች ያሉት እቴቴ የምትቀመጥበት በኩል ነው። እኔ ጋ ምንም የለም። ጃፓን ስትሠራ ሹፌሩ በቀኝ ነበራ። ያ "ለቪትዝ ተብሎ የተሠራ" ምንጣፍም የተቆረጠው ለቀኝ መሪ ነው፤ እኔ ጋ የሚይዘው ነገር የለ፣ ቅርጹ የኔ አይደለ፣ ወዴት ይሂድ ታዲያ? እግሬ ሥር ነዋ! ሁለት ሱቅ፣ ከ10,000 ብር በላይ፣ አንድም ሰው ጎንበስ ብሎ አላየልኝም። እኚህ ሰው ገና ሳንቲም ሳይቀበሉ ተንበርክከው አዩልኝ።

ቀጥሎ "ዛሬ አልሠራልሽም" አሉኝ። ሞኬቱን ገልጠው ጨመቅ ሲያደርጉት ውሃ ጠብ አለ። "እርጥብ ላይ አላነጥፍም፤ ሞኬቱ ይበሰብሳል፣ ላሜራውም ይዝጋል። በሮቹን ከፍተሽ ሁለት ቀን ፀሐይ አስመቺያትና ነይ።" አስቡት፣ ገንዘብ ይዤ ቆሜ ሂጂ አሉኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ እንደገና ጨምቀው አዩና ነው እሺ ያሉኝ።

የብስኩት ካርቶን ቀደው ፔዳሎቹ ሥር አስገቡና በእርሳስ አሰመሩ፣ ቆረጡ፣ መልሰው ለኩ፣ አሁንም ቆረጡ። ጎማውን እንዴት እንደገጣጠሙት፣ ጠርዙን በማስቲሽ ይሁን በሌላ እንዴት እንዳቆሙት አትጠይቁኝ፤ እኔ የማውቀው አሁን ዙሪያው እንደ ምጣድ ሳይሆን እንደ ትሪ ከፍ ማለቱን ነው፣ ውሃው እዚያው ይቀራል። እኔ ጋ ሁለት መያዣ ተከሉበት። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው አስቀመጡኝና ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው አስረገጡኝ። ልቀቂ፣ እርገጪ፣ ልቀቂ፣ እርገጪ። ከአሥር ጊዜ በላይ። እሳቸው አንገታቸውን አዘንብለው ያያሉ። በመጨረሻ ምንጣፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎተቱት፤ ንቅንቅ አላለም።

ግን ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ነገር ነው። በጋቢናው በኩል አሮጌውን ምንጣፍ ሲያነሱ አንድ ቦታ ላይ ቀዳዳ አዩ። ጣታቸውን አስገብተው "እዚህ ጋ ማነው የሚቀመጠው?" አሉኝ። "እናቴ ናት" አልኩ። "ምርኩዝ ትይዛለች?" እኔ አይቼው አላውቅም። ስትገባ ስትወጣ እዚያችው ላይ ነው ለካ የምትመረኮዘው፤ ብረቱ ጫፍ በልቶ በልቶ በስቶታል። ጋሼ ምንም ሳይሉ ከጎማው ቁራጭ መርጠው፣ ሸካራውን ፊት ወደ ላይ አድርገው፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ድርብ ሰፉበት፤ ምርኩዙ እንዳያንሸራትታት። ሒሳብ ስጠይቅ "የምንጣፉ 4,800። የእናትሽ አይከፈልበትም" አሉ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፣ ምን ልደብቃችሁ።

ይኸው ነሐሴ ገባ። ሦስት ወር ሙሉ በዚያ ጭቃ ተመላልሼበታለሁ፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ውሎም ሸትቶ አያውቅም። አንስቼ አራግፈዋለሁ፣ በባልዲ ውሃ እለቀልቀዋለሁ፣ አለቀ። ጋሼ የሰጡኝን ምክር ለእናንተም፦ ምንጣፍ ላይ ምንጣፍ አትደርቡ፣ ወር በገባ ቁጥር አንስታችሁ ከሥሩ መድረቁን በእጃችሁ ዳስሱ። ስትገዙ ደግሞ የመኪናውን ስም ብቻ አትጥሩ፤ መሪው የዞረ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ። እንደኔ የማታውቁ ካላችሁ ሄዳችሁ እሳቸው ይንበርከኩላችሁ።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ "ሰው ይበዛብኛል፣ ከበዛ ይበላሻል" ነው ያሉት። ስልካቸውን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፣ ፈቅደዋል። ሂዱ፣ እውነቴን ነው፣ ሂዱ። ጠዋት ሂዱ፣ እሑድ አይሠሩም፣ ዋጋ አትከራከሯቸው፣ ነገ ነይ ካሉ ነገ ሂዱ። ጋሼ፣ ልጆችዎ ይሄን ካነበቡልዎ፣ እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ጉልበትዎን ይጠብቅልኝ።

እቴቴ ግን አሁንም ጫማዋን ታወልቃለች። ባለፈው ቅዳሜ "እቴቴ፣ አሁን እኮ ለጭቃ የተሠራ ነው፣ ግቢ" ስላት ምርኩዟን ድርቧ ላይ አሳርፋ አየችውና "እንዴ! እንዲህ የተለፋበትን አዲስ ነገር?" ብላ ፌስታሏን አወጣች።