የኪራይ ድጎማችንን ቁጭ ብሎ ላሰላልን ወንድማችን ምስጋና

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ስሙን አልጠራም፤ «ስሜን ከጻፍሽ ሁለተኛ አላናግርሽም» ብሎኛል፣ ሲቀልድም አይመስልም። ሰሜን ለንደን ውስጥ በአንድ የማኅበረሰብ ማዕከል በነፃ የሚያማክር የአገራችን ልጅ ነው። አማርኛም ትግርኛም ይናገራል፤ የቤኔፊቱን (የመንግሥት ድጎማውን) ሕግ ደግሞ እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ብዙዎቻችሁ እንደኔ ከግል አከራይ ተከራይታችሁ በዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ለማይበቃው መንግሥት በየወሩ በሚከፍለው ድጎማ) ስለምትደጎሙ፣ «አመሰግናለሁ» ብዬ ብቻ ከማልፍ ያስረዳኝንም አብሬ ብጽፍላችሁ ይሻላል። ስለዚህ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እኔ ከሁለት ወንዶች ልጆቼ ጋር ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነው የምኖረው። ኪራዩ በወር 1,800 ፓውንድ ነው። ለቤት ተብሎ የሚታሰብልኝ ግን ከዚያ በደንብ ያነሰ ነበር፣ ልዩነቱን ከደሞዜ እየሞላሁ ኖሬያለሁ። ለምን እንደሚያንስ ስጠይቅ ቡና ላይ ያልሰማሁት መልስ የለም። አንዷ «ግማሹን ነው የሚከፍሉት» ትላለች፣ ሌላዋ «አከራይሽ አስወድዶብሽ ነው» ትላለች፣ አንዱ ወንድም ደግሞ ጭራሽ «ሥራ ስለያዝሽ እየቀጡሽ ነው» ብሎ አረፈው።

እሱ ጋ ስሄድ ማብራሪያ አልጀመረም። ከጆርናሌ (ከዩኒቨርሳል ክሬዲት የኢንተርኔት ገጼ) ላይ የወሩን ስቴትመንት አስወጥቶ አተመውና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከዚያ ማስመሪያ አንስቶ «ሀውሲንግ» የሚለው መስመር ሥር አስቀመጠ፣ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ በሌላ ወረቀት ሸፈነው። «አሁን የሚታይሽን ብቻ ነው የምናወራው። የተሸፈነው ሌላ ጉዳይ ነው፣ እንደርስበታለን» አለኝ። ሰው ሁሉ ግራ የሚጋባው ሁለቱን ስለሚያደባልቅ ነው ይላል።

የሚታየው መስመር እንዲህ ነው የሚሠራው። ከግል አከራይ ለሚከራይ ሰው የሚታሰበው ድጎማ ጣሪያ አለው፤ «ሎካል ሀውሲንግ አላወንስ»፣ በአጭሩ ኤል ኤች ኤ ይሉታል። በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ የዋለው በኤፕሪል 2008 ነው። የምትከፍሉት ኪራይና ጣሪያው ጎን ለጎን ይቀመጡና ያነሰው ይወሰዳል። ኪራዩ ከጣሪያው ካነሰ ኪራዩ ይታሰባል፣ የተረፈውን ግን ማንም አይሰጣችሁም። ኪራዩ ከበለጠ ጣሪያው ይታሰባል፣ ቀሪው የናንተ ዕዳ ነው።

ጣሪያውን የሚያወጡት የመንግሥት የኪራይ ባለሙያዎች ናቸው። አገሪቱ በኪራይ ቀጠናዎች ተከፋፍላለች፤ በየቀጠናው በገበያው ላይ ያለውን የግል ቤት ኪራይ ሰብስበው ከርካሹ ወደ ውዱ ይደረድሩታል። መቶ ቤት ቢሆን ከታች ሲቆጠር ሠላሳኛው ላይ ያለው ኪራይ ጣሪያ ይሆናል። ድሮ መሐል ላይ ያለው፣ ማለትም ሃምሳኛው ነበር፤ ወደ ሠላሳኛው የወረደው በኤፕሪል 2011 ነው። አሁን የምንጠቀምበት ጣሪያ በኤፕሪል 2024 የተቀመጠው ነው፣ እሱም የተሰላው እስከ ሴፕቴምበር 2023 ድረስ በተሰበሰበ ኪራይ ነው። አከራዮቻችን ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደጨመሩ እናንተ ታውቃላችሁ። እንግዲህ ጉድለቱ ከኔ ጥፋትም ከአከራዬ ተንኮልም የመጣ አይደለም፤ ሥርዓቱ ሲሠራ ጀምሮ አብዛኛውን ቤት ከጣሪያው በላይ ትቶታል። ይህን መስማት ገንዘብ ባይሆንም ልብ ያሳርፋል።

ቀጠናው የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ድንበር አይከተልም። «ኢነር ኖርዝ ለንደን»፣ «አውተር ኖርዝ ለንደን» እየተባለ ነው የሚጠራው፣ አንድ ካውንስል ውስጥ ሁለት ቀጠና ሊገባ ይችላል። ቤት ከመያዛችሁ በፊት የመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ «ኤል ኤች ኤ ዳይሬክት» ገብታችሁ የቤቱን ፖስት ኮድ ጻፉ፣ የሳምንቱን ጣሪያ ወዲያው ያሳያችኋል። ውል ከተፈረመ በኋላ ማየቱ ምንም አይጠቅምም።

ዋናው ነገር ግን አሁን ነው የሚመጣው። ጣሪያው በመኝታ ክፍል ይለያያል፤ ለጋራ ቤት፣ ለአንድ፣ ለሁለት፣ ለሦስትና ለአራት መኝታ የየራሱ ተመን አለው፣ ከአራት በላይ የለም። እና የሚቆጠረው የተከራያችሁት ቤት ያለው ክፍል አይደለም። የሚቆጠረው ለቤተሰባችሁ በሕጉ የሚገባው ክፍል ነው። ለባልና ሚስት ወይም ለብቻዋ ለምትኖር እናት አንድ፤ 16 ዓመት ለሞላው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፤ ከ16 በታች የሆኑ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች አንድ ላይ አንድ፤ ከ10 በታች የሆኑ ሁለት ልጆች ፆታቸው ቢለያይም አንድ። የሚጣመርለት ያጣ ልጅ የራሱን ያገኛል። በአካል ጉዳት ምክንያት ከወንድሙ ጋር መተኛት ለማይችል ልጅና ሌሊት ለሚያድር አስታማሚም ተጨማሪ ክፍል የሚፈቀድበት አሠራር አለ።

ይህን እየነገረኝ «የትልቁ ልጅሽ ልደት መቼ ነው?» አለኝ። ጨዋታ ሊቀይር መስሎኝ ነገርኩት። ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፎ ሁለት ጊዜ አከበበበት። ልጄ ያኔ 15 ዓመቱ ነው፣ ታናሹ 12። ሁለቱም ከ16 በታች ወንዶች ስለሆኑ አንድ ክፍል ይጋራሉ፣ ለኔ አንድ፣ በድምሩ ሁለት። ትልቁ 16 በሞላ ቀን ግን የራሱ ክፍል ይታሰብለታል፣ ታናሹም ለብቻው፤ ወደ ሦስት መኝታ ተመን እንገባለን ማለት ነው። «ቤቴ እኮ ሁለት መኝታ ነው» ስለው ሳቀና «ቤትሽን ማን ጠየቀሽ?» አለኝ።

የሰፈሬን ተመን እዚህ አልጽፍም፤ ስሌቱ እንዲታያችሁ ያህል ግን በክብ ቁጥር እንውሰደው። የሁለት መኝታው ጣሪያ በሳምንት 350፣ የሦስቱ 420 ነው እንበል። ወደ ወር ሲለወጥ በ4 አይባዛም፤ በ52 ተባዝቶ ለ12 ይካፈላል። 350ው 1,516.67 ይመጣል፣ 420ው ደግሞ ልክ 1,820። ኪራዬ 1,800 ከሆነ በመጀመሪያው ስሌት በየወሩ ከ283 ፓውንድ በላይ ከኪሴ ይወጣል፣ በሁለተኛው ሙሉ ኪራዬ ይታሰባል። ቤቱ ያው፣ አከራዩ ያው፣ የተለወጠው የልጁ ዕድሜ ብቻ ነው።

ልደቱ በዋለበት የሒሳብ ወር ውስጥ ጆርናሉ ላይ እንዳሳውቅ አጥብቆ ነገረኝ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት በቀን ቆራርጦ አያስብም፤ ለውጡ በወሩ የመጨረሻ ቀን ቢመጣ እንኳ በዚያው ወር ካስታወቃችሁ ለሙሉ ወሩ ይታሰባል። ዘግይታችሁ ከነገራችኋቸው ግን በቂ ምክንያት ከሌላችሁ ካሳወቃችሁበት ወር ነው የሚጀምረው፣ ያለፈው ይቀራል። ልጁ ከ16 በኋላ ትምህርት እንደሚቀጥልም ማሳወቅ የግድ ነው፤ አለዚያ ከሴፕቴምበር ጀምሮ የልጁ ገንዘብ ይቋረጣል። ሁሉንም በጊዜው አስገባን፣ እንዳለውም ሆነ። እግዜር ይስጥልኝ።

የተሸፈነውን ወረቀት ያነሳው በመጨረሻ ነው። እዚያ ያለው የደሞዝ ተቀናሽ ነው። የቤቱ፣ የራሳችሁና የልጆቹ ተደምሮ ከተጠናቀቀ በኋላ ነው የሚቀነሰው። ልጅ ላለው ወይም በጤና ምክንያት የመሥራት አቅሙ የተገደበ ለሆነ፣ የቤት ድጎማም ለሚያገኝ ሰው፣ በ2025/26 ተመን በወር የመጀመሪያው 411 ፓውንድ ደሞዝ አይነካም። ከዚያ በላይ ካለው እያንዳንዱ ፓውንድ 55 ሳንቲም ይቀነሳል። እጄ ላይ የሚደርሰው 1,300 ቢሆን 889ኙ ይቀርና በ55 በመቶ 488.95 ይቀነሳል። ያ ቅናሽ ከጠቅላላው ነው እንጂ ከኪራዩ አይደለም። «ሥራ ስለያዝሽ ቀጡሽ» ላለኝ ወንድም መልሱ ይኸው፤ 45 ሳንቲሟ እጄ ላይ ትቀራለች።

ከኔ ሌላ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያየኋቸውን ጉዳዮች በአጭሩ ልንገራችሁ፣ የናንተም ሊሆን ስለሚችል። ብቻቸውን የሚኖሩ ከ35 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች ስቱዲዮ ቢይዙም የሚታሰብላቸው በጋራ ቤት የአንድ ክፍል ተመን ነው። ከ25 በታች የነበረው ወደ 35 ከፍ ያለው በጃንዋሪ 2012 ነው። ከዚህ ነፃ የሚሆኑ አሉ፦ የዕለት ኑሮ ድጋፍ ያለበት ፒፕ (ለአካል ጉዳትና ለረጅም ሕመም የሚሰጥ ድጎማ) የሚያገኙ፣ በካውንስል አሳዳጊነት ያደጉ እስከ 25 ዓመታቸው፣ ቤት አልባዎችን በሚረዳ ሆስቴል ቢያንስ ሦስት ወር የኖሩ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት ተጎጂዎች። ወጣቶቻችን ይህን ሳያውቁ ውድ ስቱዲዮ ፈርመው ስንቱ ተቸግሯል።

ወንድም ወይም የአክስት ልጅ አስጠግታችሁ የምትኖሩ ደግሞ፣ ሰውየው ክፍል ይቆጠርለታል፣ ግን 21 ከሞላው በ2025/26 በወር 93.02 ፓውንድ ከቤት ድጎማችሁ ይነሳል፣ ለናንተ ሰጠም አልሰጠም። እንግዳ አክብሮ ማኖር ባህላችን ነው፤ ቢያንስ 93ቱን ይሸፍን ብዬ እኔ በግሌ እላለሁ፣ ማንም ይቀየመኝ።

ለእናትና አባቶቻችን መንገዱ ይለያል። የጡረታ ዕድሜ የደረሱ ሰዎች አሁንም በካውንስል በኩል የድሮውን ሀውሲንግ ቤኔፊት ነው የሚጠይቁት፣ የኤል ኤች ኤ ጣሪያው ግን ለእነሱም ያው ነው። ባልየው ደርሶ ሚስትየዋ ካልደረሰች ከሜይ 2019 ወዲህ አዲስ የሚጠይቁ ጥንዶች ወደ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ነው የሚላኩት። በወረቀት ላይ ያለው የልደት ቀን እዚህ ላይ ብዙ ነገር ይወስናል።

ሥራ ለሌላቸው ሌላ መቀስ አለ፣ የቤኔፊት ካፕ የሚባለው። ለንደን ውስጥ ልጅ ላለው ቤተሰብ ጠቅላላው በዓመት ከ25,323 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይቆረጣል፣ ለብቸኛ ሰው 16,967 ነው። ስለዚህ ጣሪያው ቢጨምርም ካፑ መልሶ ሊወስደው ይችላል። ቤተሰቡ በወር 846 ፓውንድ ደሞዝ ካስገባ (የ2025/26 ነው) ወይም ፒፕ የሚያገኝ ሰው ካለ ካፑ አይነካውም። ኪራያቸው ለጎደለባቸው ካውንስሉ ጋ ተጨማሪ ድጋፍ የሚጠየቅበት መንገድም አለ። መብት አይደለም፣ በማመልከቻ ነው፤ ወጪና ገቢን ዘርዝሮ መጻፉን እሱ ያግዛል።

ስለ ሰውየው አንድ ነገር ልጨምር። የማያውቀውን «አላውቅም፣ አጣርቼ ልደውልልሽ» ይላል፣ ይደውላልም። አንዲት እህት ከኔ ቀድማ ገብታ ስታወራ ሰምቻለሁ፣ ከ16,000 ፓውንድ በላይ ቁጠባ ነበራት። «አይገባሽም፣ አትልፊ» ብሎ በግልጽ ነገራት፣ ለምን እንደሆነም በወረቀት ጽፎ ሰጣት። ፎርም ለመሙላት ብር የሚቀበሉ ሰዎች በመካከላችን አሉ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ሲያገኙ አስሞልተው ያስከፍሉታል። እሱ ግን ቡና እንኳ ልግዛልህ ብለው እምቢ አለኝ።

ልትሄዱ የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ የማዕከሉን አድራሻ እልካለሁ። ሙሉ የኪራይ ውላችሁን፣ የቅርብ ጊዜ ፔይስሊፓችሁን፣ የቤተሰቡን ሁሉ የልደት ቀን ያዙ፤ ጆርናሉን የምትከፍቱበትንም የይለፍ ቃል አትርሱ፣ ያለሱ ምንም አይሠራም። ቪዛችሁ ላይ የመንግሥት ገንዘብ መጠቀም እንደማትችሉ የተጻፈባችሁ ካላችሁ ምንም ነገር ከመጠየቃችሁ በፊት አስቀድማችሁ ንገሩት፣ መኖሪያ ፈቃዳችሁን ሊጎዳ ይችላል። ከለንደን ውጭ ያላችሁ ለዩኒቨርሳል ክሬዲት የመጀመሪያ ማመልከቻ ሲቲዝንስ አድቫይስ ጋ በነፃ ይረዳሉ፤ ስትደውሉ አስተርጓሚ ጠይቁ። ሰኞ ጠዋት ሰው ይበዛበታል፣ ከሰዓት በኋላ ሂዱ።