ለዒላማ ማጫወቻ የቱ ይሻላል? ያገለገለው የጀርመን፣ አዲሱ የቻይና ወይስ የጋዝ ሽጉጡ

"የዒላማ ማጫወቻ ልጀምር ነው፤ የትኛውን ልግዛ?" የሚል ጥያቄ በጣም በዝቶብኛል። ሐዋሳ ውስጥ በሐይቁ ዳር ፊኛና ጠመኔ ደርድሬ በአየር ጠመንጃ አጫውታለሁ። የጓደኞቼ ሲበላሽም ፈትቼ የምጠግነው እኔ ነኝ። ስለዚህ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ሊንኩን ልላክ ብዬ ነው።

መልሴን መጀመሪያ ላስቀምጠው። ያገለገለ የጀርመን ባለ ሞላ ጠመንጃ ግዙ። አሮጌ ይሁን፣ ሰደፉ ይቧጨር፣ ቀለሙ ይልቀቅ። የቀረው ጽሑፍ ለምን እንደሆነ ማስረጃ ነው፤ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

ከዋጋ በፊት ግን አንድ ነገር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል ሕግ አለ። "ይሄ መጫወቻ ነው፣ ማንም አይጠይቅህም" የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ አትመኑት። ቀብድ ሳትከፍሉ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ። የምትሠሩበትን ቦታም ከቀበሌ ጋር ጨርሱ። ወረቀት የሌለው ዕቃ ከተወረሰ ያወጣችሁት ብር ሁሉ አብሮ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ብሩ። እኔ ባለፈው ስጠይቅ አዲሱ የቻይና ጠመንጃ 14 ሺህ ብር ነበር። ያገለገለው የጀርመን ደግሞ ሻጩ 28 ሺህ ብሎ ጀምሮ 24 ሺህ ላይ ተስማማን። የዶላሩ ነገር እንደምታውቁት ስለሆነ ዛሬ ዋጋው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ብዙም አይለወጥም። አሥር ሺህ ብር ልዩነት ለጀማሪ ቀላል አይደለም። ሁሉም ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

አንድ ጓደኛዬ አዲሱን ገዛ። ከካርቶኑ ሲወጣ ያብረቀርቃል፤ ያየ ሁሉ አደነቀለት። ብዙም ሳይቆይ አፈሙዙ የሚታጠፍበት ማጠፊያ መላወስ ጀመረ። አፈሙዙ ከተላወሰ ማነጣጠሪያው ምንም ቢስተካከል ጥቅም የለውም፤ ጥይቱ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ነው። ተጫዋቹም ሞኝ አይደለም፣ "ይሄ ጠመንጃ የተጣመመ ነው" ብሎ ብሩን ይጠይቃል። ቀጥሎ ሞላው ጎበጠ። ሲፈታ በሞላው ተገፍቶ አየሩን የሚያምቀው ፒስተን ጎሚኒው በአንድ በኩል ተበልቷል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ከፋብሪካ የቀረ የብረት ብናኝ ነበር። ብሎኖቹም ልፍስፍስ ናቸው፤ ካቻቪቴ ሲነካቸው ጭንቅላታቸው ይላጣል።

ሂሳቡን አብረን ሠራነው። ሌላ ሞላ 1,800 ብር። ማጠፊያውን ቶርኖ ቤት ለማስተካከል 1,200። ጎሚኒ 600። 14 ሺው 17,600 ሆነ። ፍቅር ሐይቅ ሰው የሚሞላባቸው እሑዶች በጥገና አለፉ፤ እሱን በብር አላሰብነውም። ይህን ሁሉ አውጥቶ ሊሸጠው ሲል የቀረበለት ትልቁ ዋጋ 7 ሺህ ነበር። የጀርመኑን ግን ተጠቅማችሁበት ስትሸጡት የገዛችሁበትን ባይመልስ እንኳ ብዙ አይወርድም። የእኔን አሁን በገዛሁበት ዋጋ የሚለምነኝ ሰው አለ።

የጀርመን ስል በብዛት ዲያናን ነው። አንዳንድ ሻጭ በመሃል የሚታጠፍ ጠመንጃ ሁሉ "ዲያና ነው" ይላል፤ ስለዚህ ምልክቱን እወቁ። ኦሪጅናሉ ላይ አንዲት ሴት ተቀርጻለች። የአደን አምላኳ ዲያና ናት፤ ጠመንጃውን በእጇ ወደ ላይ አንስታ ቀስቷን ትጥላለች። ፋብሪካው በ1890 በፈረንጆቹ የተመሠረተ ሲሆን ለረጅም ዘመን የሠራው ራስታት በምትባል ከተማ ነው። ብዙዎቹ ላይ የተሠሩበት ወርና ዓመት በትናንሽ ቁጥር ተመትቶ ይገኛል። በፈረንጆቹ ከ1970 ወዲህ የተሠራ ከሆነ አምስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈች የላቲን ኤፍ ፊደል ፈልጉ። ይህች ምልክት ኃይሉ ከ7.5 ጁል አይበልጥም ማለት ናት። ደግሞ ብሪታንያ የተሠራ ዲያና ካያችሁ ወዲያው ፎርጅድ ነው አትበሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፋብሪካው ማሽኖች ወደ ስኮትላንድ ሄደው እዚያም በዚሁ ስም ሲመረት ነበር።

7.5 ጁል አነሰ የሚል አለ። ግማሽ ግራም የምትመዝን ጥይት በዚህ ኃይል በሰከንድ ወደ 170 ሜትር ትሄዳለች። ከአምስት ስድስት ሜትር ጠመኔ ለመስበር ከበቂ በላይ ነው፤ ዓይን ለማጥፋትም እንዲሁ። የቻይናው ካርቶን ላይ "1000 ጫማ በሰከንድ" ተብሎ በትልቁ ሲጻፍ ለእኛ ሥራ ጥቅሙ ምንድን ነው? ለመወጠር ከባድ ይሆናል፣ ሲተኮስ ይዘላል፣ ሴቶችና ልጆች አንዴ ሞክረው ይተዉታል። ኃይል ፍለጋ ሳይሆን ገበያ ፍለጋ ነው የወጣነው።

ስትገዙ ናፕኪን ይዛችሁ ሂዱ። ቀልዴን አይደለም። ጥይት አጉርሱና የናፕኪኑን ቁራጭ አፈሙዙ ከሲሊንደሩ የሚገጥምበት ቦታ ላይ አድርጋችሁ ተኩሱ። ወረቀቱ ከተርገበገበ አየር እያፈሰ ነው። ይህ ብቻውን አያስፈራም፤ እዚያ ያለችው ቀለበት ርካሽ ናት፣ ግን ዋጋ ለማስቀነስ ትጠቅማለች። ቀጥሎ አፈሙዙን ይዛችሁ ግራና ቀኝ ነቅንቁ። ከዚያ ሳይጎርስ መሆኑን አረጋግጣችሁ፣ አፈሙዙን አጥፋችሁ፣ ከማጠፊያው በኩል ወደ ብርሃን በውስጡ ተመልከቱ፤ አለመጉበጡን እዩ። አንዳንድ ሰው አፈሙዙ ታጥፎ እያለ ቃታውን ይስባል። ያኔ አፈሙዙ በሞላው ኃይል ይስፈነጠርና ወደ ላይ ይጎብጣል። ጣትም ይቆርጣል። ሰደፉንም ከመያዣው ጋ ስንጥቅ እንዳለው እዩ፤ እዚያ ጋ የተሰነጠቀ በኮላ አይጸናም።

ጀርመኑን ያስወደደኝ ዋናው ነገር ግን ጥገናው ነው። በአሮጌዎቹ ዲያናዎች ፒስተኑ ላይ ያለው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም አየር እንዳያመልጥ የሚያፍነው ማኅተም፣ ቆዳ ነው። ይህ ማለት እዚሁ ሐዋሳ ይሠራል ማለት ነው። ወፍራም የጫማ ሶል ቆዳ ከጫማ ሰፊ ትገዛላችሁ። ውኃ ውስጥ ታለሰልሱታላችሁ። ቶርኖ ቤት በልኩ ባስቆረጣችሁት ቅርጽ ውስጥ ጨምቃችሁ እስኪደርቅ ትተዉታላችሁ። ቅርጹን አንዴ ካስቆረጣችሁ በኋላ አንዱ ጓርኒሲዮን ከ300 ብር አይበልጥም። የቻይናው ፕላስቲክ ሲበላ ግን ልኩን ፈልጋችሁ አዲስ አበባ መርካቶ ድረስ ትሄዳላችሁ። አብዛኛውን ጊዜም ከሌላ ዕቃ ላይ የተነቀለ፣ ትንሽ የሚሰፋ ወይም የሚጠብ ነው የሚሰጧችሁ።

ሞላውን ለማውጣት በእጅ አትታገሉ። ጠመንጃው ሳይወጠርም ሞላው ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው፤ መያዣው ሲወጣ ፊት የሚመታ ኃይል አለው። ሞርሳ ወይም ረጅም መቆንጠጫ ያስፈልጋል። የሞተር ሳይክል ሞላ ቆርጦ የሚገጥም ጠጋኝም አለ፤ እሱ ጋ ዕቃችሁን አትውሰዱ። ውፍረቱ ስለማይገጥም ሲሊንደሩን ይፍቃል፣ ከዚያ በኋላ ቆዳም ጎሚኒም አይጸናበትም።

ዘይት ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ለጋስ ነው። የሞተር ዘይት ሲሊንደሩ ውስጥ ማንቆርቆር ጠመንጃውን መግደል ነው። አየሩ በኃይል ሲጨመቅ ይግላል፤ ዘይቱ ልክ እንደ ናፍጣ ሞተር ይነድዳል። ጭስ ይወጣል፣ ድምፁ ይጮኻል፣ ባለቤቱ "ኃይሉ ጨመረ" ብሎ ይደሰታል። በዚያው ሞላው ይሰበራል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ለቆዳው አልፎ አልፎ የሲሊኮን ዘይት ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ለማጠፊያው ትንሽ ግራሶ። ማታ ከሐይቁ ዳር ስትመለሱ ውጩን ዘይት በነካ ጨርቅ ጥረጉት፤ እርጥበቱ ብረት ይበላል። ወጥራችሁ አታሳድሩት። ጥይት ሳይጎርስም አትተኩሱ፤ ፒስተኑን የሚያቆመው ከጥይቱ ጀርባ የሚታፈነው አየር ነው፣ ባዶውን ከሆነ ብረት ከብረት ይጋጫል።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ ካፕሱል የሚሠራውን የጋዝ ሽጉጥ ብዙ ወጣት ይወደዋል፤ ቲክቶክ ላይ ያምራል። እኔ ለዚህ ሥራ አልመክረውም፣ ምክንያቱም ሂሳቡ አይወጣም። ባለ 12 ግራም የጋዝ ካፕሱል አንዱ፣ ከተገኘ፣ 350 ብር ተብሎልኛል። ከአንዱ ወደ 50 ተኩስ ቢወጣ ለጋዙ ብቻ በተኩስ 7 ብር ነው። የብረት ጥይቷን 1 ብር ጨምሩበት። ተኩሱን በ10 ብር ስታጫውቱ የሚተርፋችሁ 2 ብር ነው። ያውም ቀስ ብሎ ለሚተኩስ። ጋዙ ሲወጣ ካፕሱሉን ያቀዘቅዘዋል፤ ሰልፍ ሲኖርና ቶሎ ቶሎ ሲተኮስ ግፊቱ ይወርዳል። በ35 ተኩስ ካለቀ ለጋዙ ብቻ 10 ብር፣ ማለትም በኪሳራ ነው። ከሰዓት በሐዋሳ ፀሐይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በ20 ዲግሪ ወደ 57 ባር የነበረው ግፊት በ30 ዲግሪ ወደ 72 ይወጣል። ጠዋት ያስተካከላችሁት ማነጣጠሪያ ከሰዓት አይሠራም።

ካፌ የሚሠራ ሰው የክሬም ካፕሱል አምጥቶ "ይሄስ?" ብሎኛል። አይሆንም። እሱ 8 ግራም ነው፣ አይገጥምም፤ ውስጡ ያለው ጋዝም ሌላ ነው፣ ከዘይት ጋር ሲገናኝ አደገኛ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድም ካፕሱሉን በሻንጣው ይዞ እንዲገባ አትጠይቁት፤ ኤርፖርት ላይ ታስጨንቁታላችሁ። ከሁሉ በላይ ሽጉጡ እውነተኛ ይመስላል። ማታ ኬላ ላይ ከቦርሳችሁ ሲወጣ ፖሊሱ ካፕሱል ይኑረው አይኑረው ከየት ያውቃል? "የአየር ነው" ተብሎ የድምፅ ሽጉጥ የሚሸጥም አለ። ከዚያ ዓይነቱ ሙሉ በሙሉ ራቁ።

ጥይት ላይ አትሰስቱ። 500 የእርሳስ ጥይት የያዘ ቆርቆሮ በ2,000 ብር ከገዛችሁ አንዷ 4 ብር ናት፤ በተኩስ 6 ብር ይተርፋል። ያ የአሥር ሺህ ብር ልዩነት በ1,700 ተኩስ አካባቢ ይመለሳል። ፊቼ ጫምባላላ ሲደርስና ጉዱማሌ ሰው ሲሞላ ይህ ቁጥር ሩቅ አይደለም። ርካሹ ቆርቆሮ ግን ግማሹ የተጨፈለቀ ነው፤ እየመረጣችሁ ስትጥሉ ዋጋው ከደህናው ይበልጣል።

እቤት ጥይት አቅልጠን እንሥራ የሚል ሐሳብም ደጋግሞ ይመጣል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ምድጃ ይችለዋል፤ ችግሩ ሌላ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያገኘው እርሳስ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ነው። አሲድ አለበት፣ ጭሱና አቧራው መርዝ ነው፣ ለልጆች ደግሞ ይብሳል። አንቲሞኒ ስለሚቀላቀልበትም ጠጣር ነው። የአየር ጠመንጃ ጥይት ከኋላዋ እንደ ቀሚስ የሳሳች ሆና ተለጥጣ አፈሙዙን መያዝ አለባት፤ በእጅ ሻጋታ ያ ቅጥነት አይወጣም። የብረቷን ክብ ጥይትም የጀርመኑ ውስጥ አታስገቡ። በአፈሙዙ ውስጥ ጥይቷን የሚያሽከረክረውን ጥምዝ ትፍቃለች፣ ከጠንካራ ነገር ላይ ነጥራም ወደ ተኳሹ ትመለሳለች። ከዒላማው ጀርባ ወፍራም ጣውላ፣ ከፊቱ ደግሞ አሮጌ ምንጣፍ ስቀሉ። እርሳስ ነክታችሁ ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

ጨዋታውን ሳይሆን ስፖርቱን ለሚያስብ ነገሩ ሌላ ነው። የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ በፈረንጆቹ ከ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ ጀምሮ አለ። ሽጉጡ ከ1,500 ግራም መብለጥ የለበትም፣ ቃታው ቢያንስ 500 ግራም ክብደት መቻል አለበት፣ የአሥር ነጥቡ ክብ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ትልልቆቹ ተወዳዳሪዎች የሚይዙት 200 ባር የታመቀ አየር የሚሞላ ነው፤ እኛ ጋ ማን ይሞላዋል? ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሩሲያውን ኢዥ 46 እመርጣለሁ። አንዴ በክንዱ ስትስቡት አየሩን ራሱ ያምቃል፤ ጋዝም ፓምፕም አይፈልግም። ማኅተሞቹም ተራ ኦሪንግ፣ ማለትም የጎማ ቀለበት ናቸው። ለማጫወቻ ግን ዋጋው ውድ ነው።

15 ሺህ ብቻ ያለው ደግሞ ከጓደኛው ጋር ተጋርቶ አንድ ጀርመን ይግዛ። በቀረው አንድ ቆርቆሮ ጥይትና ምንጣፍ ይሸፍናል።

ስትደራደሩ የማጠፊያው ቀለበት ካፈሰ 500 ብር አስቀንሱ። ጓርኒሲዮኑ ካለቀ አንድ ሺህ፣ ሞላው ከደከመ ሁለት ሺህ። ሰደፉ ከተሰነጠቀ አናጺ የሚጠይቀውን አጣርታችሁ ሙሉውን ቀንሱ። አፈሙዙ ከጎበጠ ግን ዋጋ አትጠይቁ፤ አመስግናችሁ ውጡ።