ለጣና ጀልባ የናፍጣ ፊልትሮ፦ ፎርጅዱ፣ ኦሪጅናሉ ወይስ የትራክተሩ?

ባሕር ዳር፣ ጀልባ በሚታሰርበት ዳርቻ ከሰላምታ ቀጥሎ የምጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ያንተ ሞተር መሀል ሐይቅ ላይ የማይጠፋው ምን ፊልትሮ ገጥመህለት ነው?» በየቀኑ ከምደግመው አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልረፍ። የምናገረው እንደ እኔ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ላለው ሰው ነው። የእኔ አራት ሲሊንደር ፐርኪንስ ነው፤ ሰልባቲዮው (የናፍጣ ታንከሩ) 200 ሊትር ይይዛል። በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዲስ ሞተር ያለው ሰው የእኔን ምክር ትቶ ኦሪጅናሉን ይግዛ፤ የእነዚያ ሞተሮች ኖዝል (ናፍጣውን የሚረጨው ክፍል) ትንሽ ቆሻሻ እንኳን አይችልም።

መጀመሪያ የገዛሁት ፎርጅዱን ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ መርካቶ ሄጄ የኦሪጅናሉን፣ ራኮር 500 የሚባለውን ፊልትሮ መልክ የያዘ፣ ከታች ግልጽ ብርጭቆ፣ ከላይ የቲ ቅርጽ ያለው እጀታ የተገጠመለት ፊልትሮ በ6,500 ብር ገዛሁ። ሻጩ የጠራው 8,000 ነበር። 1,500 ብር ማስቀነሴን ለባለቤቴ በስልክ ያበሠርኳት እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆሜ ነው።

በሦስተኛው ወር ከዘጌ አሥራ አንድ ሰው ጭኜ ስመለስ የከሰዓቱ ነፋስ ተነሣ። ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ ጀልባውን እንደ ወንፊት ይነቀንቀዋል። ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ። ብርጭቆውን ሳየው ንጹሕ ነው፤ ውሃ የለም፣ ቆሻሻ የለም፣ የሚያፈስ ነገርም የለም። በሌላ ጀልባ ተጎትተን ገባን።

በማግስቱ የትራክተር መካኒክ የነበሩ አንድ ጋሼ መጥተው አዩት።

«ናፍጣ ሲያፈስ አላየህም አይደል ልጄ?»

«አላየሁም ጋሼ።»

«አታየውማ! እዚህ ቦታ ላይ ፖምፓው ይስባል እንጂ አይገፋም። ክፍተት ካለ ናፍጣ አይወጣም፤ አየር ይገባል።»

የክዳኑን ጎሚኒ አውጥተው በጥፍራቸው ሲጫኑት እንደ ደረቀ የፓስታ ፍሬ ተሰበረ። የውስጡን ወረቀት አወጡና በእጥፋቱ ላይ አንድ የውሃ ጠብታ አኖሩ። ወረቀቱ ጠብታውን ወዲያው ጠጣው። ደህና ወረቀት ውሃን እንዲገፋ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ጠብታው እንደ ዶቃ ይቆማል እንጂ አይሰርግም። ስለዚህ ብርጭቆው ንጹሕ የነበረው ውሃ ስላልነበረ አይደለም፤ ውሃው በወረቀቱ አልፎ ወደ ሞተሩ ስለሄደ ነው። ይህን ሙከራ ሱቅ ውስጥ ከመክፈላችሁ በፊት አድርጉት። ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል።

ሒሳቡን ላስቀምጠው። ፊልትሮው 6,500፣ መጎተቻ 2,000፣ ለአሥራ አንድ ሰው የመለስኩት 1,650፣ ኖዝል ማጽዳትና ፖምፓ ማስፈተሽ 9,000፤ በድምሩ 19,150 ብር። ያስቀነስኩት 1,500 ብር በዚህ ውስጥ የት እንዳለ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

ከዚያ በንዴት ወደ ኦሪጅናሉ ሄድኩ። በ2017 ዓ.ም. ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ሲመጣ በ280 ዶላር ገዝቶ አመጣልኝ፤ በዚያ ወር በባንክ ዶላሩ 130 ብር አካባቢ ስለነበር 36,400 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር ያው ዕቃ 16,000 ብር እንኳን አይሞላም ነበር። ስለ ዕቃው ክፉ አልናገርም። ናፍጣውን አሽከርክሮ ውሃውንና ከባዱን ቆሻሻ ወደ ብርጭቆው ይጥላል፣ ክዳኑ ያለ መፍቻ ይከፈታል፣ በሰዓት 227 ሊትር ያሳልፋል፤ የእኔ ሞተር በሰዓት አሥር ሊትር አካባቢ ነው የሚጠጣው። የመርከብ ዓይነቱ ደግሞ ከብርጭቆው ሥር የእሳት መከላከያ ብረት አለው።

ችግሩ ወረቀቱ ነው። ባለ 10 ማይክሮኑ (ማይክሮን የወረቀቱ ቀዳዳ መለኪያ ነው) ሰማያዊ ወረቀት ያኔ አንዱ 18 ዶላር፣ ማለትም 2,340 ብር ነበር፤ በዓመት አራት ብለውጥ 9,360 ብር። ዋጋው ባልከፋ፤ ግን እኔ እስከማውቀው ባሕር ዳር ውስጥ የለም። ሰው እስኪመጣ ትጠብቃለህ፤ ሲያልቅብህ ፎርጅዱን ወረቀት በ900 ብር ትገዛለህ፤ ያን ጊዜ የ36,400 ብሩ ዕቃ ከ6,500 ብሩ ጋር እኩል ይሆናል።

አሁን የገጠምኩት ሦስተኛውን፣ ጋሼ መጀመሪያውኑ የነገሩኝን ነው፦ በየማሴ ፈርጉሰን ትራክተሩ ላይ የምታዩት፣ ከታች ትንሽ ብርጭቆ ያለው፣ መሀሉን በአንድ ረጅም ብሎን የሚታሰረው የካቭ ዓይነት ፊልትሮ። ስገዛው ራሱ 2,200 ብር፣ ወረቀቱ 350 ብር ነበር። ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፤ ስለዚህ ሁለት በተከታታይ አስሬ በየሁለት ወሩ ሁለቱንም እለውጣለሁ፤ በዓመት አሥራ ሁለት ወረቀት፣ 4,200 ብር። የእርሻ መሣሪያ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ አለው። የዚህም ፎርጅድ ሞልቷል፤ ግን 350 ብር ዕቃ ላይ የውሃ ጠብታውን ሞክሮ መጣል አያስለቅስም። ብሎኑን ግን ከመጠን በላይ አታጥብቁ፤ ብርጭቆው ይሰነጠቃል፤ እኔ ሁለት ሰብሬአለሁ።

ግን እውነቱን ለመናገር ሞተሬን ያዳነው ፊልትሮው ብቻ አይደለም፤ ናፍጣውን ከሰልባቲዮው ስቦ አጣርቶ እዚያው የሚመልሰው ማጥለያም ነው። ሰልባቲዮ ማለት የጠላ ጋን ነው። ቆሞ ሲያድር ውሃውና ዝቃጩ ይወርዳል፣ ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ሻጋታ ያድጋል፣ ማዕበል ሲመጣ አተላው ይነሣና ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊልትሮ ላይ ይረባረባል። መሀል ሐይቅ ላይ ከመሆኑ በፊት፣ ጀልባው ታስሮ እያለ ቢጠልል ይሻላል።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሰልባቲዮው ዝቅተኛ ጫፍ፣ ከወለሉ አንድ ጣት ከፍ ብሎ የሚስብ ቱቦ ይገባል፤ በሌላኛው ጫፍ መመለሻው ይገባል። መሀል ላይ መጀመሪያ ፊልትሮው፣ ቀጥሎ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ፖምፓ። ይህን ቅደም ተከተል አትገልብጡት፤ ፖምፓው ከቀደመ ውሃውን ከናፍጣው ጋር ይንጠውና እንደ ወተት ያደርገዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚለየው የለም። ባለ ዚንክ የውሃ ቧንቧም ሆነ መዳብ አትጠቀሙ፤ ሁለቱም ናፍጣን ያበላሻሉ።

ወጪዬ፦ ፖምፓ 4,800 (የ1,400 ብሩን አይቼ አለፍኩት፤ ተምሬአለሁ)፣ ፊልትሮ 2,200፣ ስድስት ሜትር ቱቦ 1,500፣ ሁለት መዝጊያ 900፣ ማሰሪያ ቀለበቶች 720፣ ብየዳ 1,500። በድምሩ 11,620 ብር። ሞተሩ ላይ ካሉት ሁለት ፊልትሮዎች ጋር 16,020 ብር ይሆናል፤ ከኦሪጅናሉ ግማሽ እንኳን አይሞላም።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ፖምፓዬ በሰዓት 100 ሊትር ስለሚስብ ሰዎች «ሁለት ሰዓት ይበቃሃል» ይሉኛል። አይበቃም። የጠለለው ተመልሶ ካልጠለለው ጋር ስለሚቀላቀል በሁለት ሰዓት ውስጥ በፊልትሮው ያለፈው 63 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። 95 በመቶ እንዲያልፍ ስድስት ሰዓት ያስፈልጋል። ማታ ከፍቼው እሄዳለሁ፤ ሁለት አምፔር ያህል ስለሚወስድ ባትሪውን አይገድለውም። ወለሉ ላይ የተጋገረ ጥቁር ዝቃጭ ካለ ግን በዚህ አይለቅም፤ ሰልባቲዮውን ከፍቶ በእጅ መፈግፈግ ነው። እኔ ስከፍተው ሁለት ጣሳ ሙሉ አውጥቻለሁ። ሰልባቲዮውን ሞልቶ ማሳደር የሌሊቱን ላብ (በብርድ ውስጡ የሚጠራቀመውን ውሃ) ይቀንሳል ይላሉ፤ ልክ ነው፣ ግን 200 ሊትር ናፍጣ ዳርቻ ላይ የሚያሳድር ሰው የጥበቃውን ደመወዝም ይደምር።

ኦሪጅናሉን አዲስ ሞተር ለገጠመ፣ ጎርጎራ ድረስ ለሚመላለስ ወዳጄ በ30,000 ብር ሸጥኩለት፤ 6,400 ከሰርኩ። ባገኘሁት ቁጥር ብርጭቆውን እያሳየ ያመሰግነኛል። ስንት ወረቀት እንደቀረው ስጠይቀው ግን ስለ እንቦጭ ማውራት ይጀምራል።