የለንደን ምድር ውስጥ ባቡር በቦምብ ናዳ ዘመን፦ እንደ ባቡር አስተማማኝ፣ እንደ መጠለያ ግን እንደየጣቢያው

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ለንደንን በቦምብ ስትደበድብ ስለነበረው፣ ስለ 1940-41ዱ የምድር ውስጥ ባቡር ሲነሳ ወሬው ሁሉ መድረክ (ባቡር መሳፈሪያው) ላይ ተኝቶ ስላደረው ሕዝብ ነው። ባቡሩስ ሰውን ሥራው ያደርስ ነበር ወይ? እዚህ የሚመዘነው በዋናነት እሱ ነው። (ዓመትና ወሩ በአውሮፓውያን፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ያደርስ ነበር፤ ግን እየተቆራረጠ። ቦምብ መስመሩን አንድ ቦታ ላይ ሲበጥሰው፣ ከሁለቱም ወገን የሚመጡት ባቡሮች ሐዲድ መቀየሪያ ያለበት ጣቢያ ድረስ ሄደው ይመለሳሉ፤ መሃሉን አውቶቡስ ይሸፍናል። ብዙ የተጎዱት ጥልቅ ያልሆኑት መስመሮች ናቸው። ዲስትሪክትና ሜትሮፖሊታን መንገድ ተቆፍሮ፣ ሐዲድ ተዘርግቶ፣ ከላይ የተከደኑ ናቸው፤ ብዙ ቦታም ጭራሽ ክፍት ናቸው። ዲሴምበር 29፣ 1940 ለሊት ሙርጌት ጣቢያን ያጋየው ከላይ የወረደው እሳት ነው፤ ቆሞ የነበረው ባቡርም አብሮ ነደደ።

የባቡር ሰዎቹን ከእሳቱም ይልቅ እንቅልፍ የነሳቸው ውሃው ነበር። የኖርዘርንና የቤከርሉ መስመሮች በቴምዝ ወንዝ ሥር ያልፋሉ። እዚያ አንድ ቦምብ ዋሻውን ከበሳው ውሃው በየመስመሩ እየገባ መሃል ከተማውን ሊያጥለቀልቅ ይችላል። ስለዚህ ከወንዙ ግራና ቀኝ በኤሌክትሪክ የሚዘጉ ከባድ የብረት በሮች ተገጠሙ፤ መቆጣጠሪያቸው ሌስተር ስኩዌር ጣቢያ ነበር። ሳይረን ሲጮህ መጀመሪያ በወንዙ ሥር ያለው ባቡር ይወጣል፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል፤ አደጋው እስኪያልፍ ማንም በወንዙ ሥር አይሻገርም። ይህ ጥንቃቄ ራሱ አገልግሎቱን አስተጓጉሏል። አንዲት ቦምብ ሳትወድቅ ገና በሴፕቴምበር 1939 ከኖርዘርን መስመር የወንዝ መሻገሪያዎች አንዱ ለበሮቹ ሥራ ተብሎ እስከ ዲሴምበር ተዘግቶ ነበር። ተሳፋሪ ቢያማርር አይፈረድበትም፤ ሆኖም መዝጋቱ ትክክል ነበር። ቻሪንግ ክሮስ አጠገብ በወንዙ ሥር የነበረ፣ ከአገልግሎት ወጥቶ በኮንክሪት የተደፈነ አሮጌ ዋሻ በሴፕቴምበር 1940 ተመትቶ ውሃ ሞላው፤ ድፍኑ ባይኖር ኖሮ ውሃው የት ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ውሃ ከወንዝ ብቻ እንደማይመጣ ያሳየው ባልሃም ጣቢያ ነው። ኦክቶበር 14፣ 1940 ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ 1,400 ኪሎ የሚመዝን፣ ሰርስሮ ገብቶ የሚፈነዳ ቦምብ ከጣቢያው በላይ ባለው መንገድ ላይ ወደቀ። መድረኮቹ ከመሬት በታች 9 ሜትር ገደማ ብቻ ነበሩ። ፍንዳታው ሁለቱን መድረኮች ከሚያገናኘው መተላለፊያ በላይ ሆነና ዋሻው ተደረመሰ፤ ዋናው የውሃ ቱቦና የፍሳሽ መስመሩ ተበጥሰው አፈሩን፣ ጠጠሩንና ጭቃውን ይዘው ወረዱ። ከላይ ደግሞ 88 ቁጥር አውቶቡስ ጨለማው ውስጥ ጉድጓዱ ሳይታየው ገባበት። ከ60 በላይ ሰው ሞተ። ውሃውን መምጠጥ፣ ጭቃውን ማውጣትና ዋሻውን መጠገን ሦስት ወር ፈጅቶ ባቡር የተመለሰው በጃንዋሪ 1941 ነው። ለእንዲህ ያለ ጉዳት ፈጣን ጥገና ነው።

ጥልቀት አለ ማለት ግን ደኅንነት አለ ማለት አይደለም። ባንክ ጣቢያ የትኬት አዳራሹ ከመንገዱ ሥር ወዲያውኑ ይገኛል። ጃንዋሪ 11፣ 1941 ቦምቡ እዚያ ሲፈነዳ የአየር ግፊቱ በኤስካሌተሩ ጉድጓድ ቁልቁል ተወርውሮ መድረክ ላይ የነበሩትን ሰዎች ባቡሩ ፊት ጣላቸው። ከላይ መንገዱ ተደርምሶ ስለነበር ወታደራዊ መሐንዲሶች ጉድጓዱ ላይ ድልድይ ዘረጉ። ስሎን ስኩዌር ደግሞ በ1940 አዲስ ኤስካሌተር የገባለት ጣቢያ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ተመታና ከነኤስካሌተሩ ፈረሰ።

እንደ መጠለያ? መንግሥት መጀመሪያ አይሆንም ብሎ ነበር፤ ሕዝቡ ትኬት እየቆረጠ ገብቶ አልወጣም አለ። ሴፕቴምበር 27፣ 1940 ለሊት 177,000 ሰው ተቆጥሯል። ባቡሩ እንዳይታወክ የተገኘው መላ ቀላልና ጎበዝ ነው፦ መድረኩ ላይ ሁለት ነጭ መስመር ማስመር። እስከ ምሽቱ 1፡30 ተኚው ከጠርዙ 2.4 ሜትር ርቆ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1.2 ሜትር መጠጋት ይፈቀድለታል። መጸዳጃው ግን አሳፋሪ ነበር። ዋሻው ከከተማው የፍሳሽ መስመር በታች ስለሆነ ቆሻሻው በራሱ አይወርድም፤ በተጨመቀ አየር ወደ ላይ የሚገፋ መሣሪያ እስኪገባ ድረስ ሰው በባልዲ ነበር የሚጠቀመው። ትንኙም ሌላ ጣጣ ነበር።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የደረሰው ደግሞ ያለ ቦምብ ነው። ማርች 3፣ 1943 ቤትናል ግሪን መግቢያ ላይ መሃሉ መደገፊያ በሌለው፣ መብራቱ ደብዛዛ በሆነ ደረጃ ላይ ሰው ተደነቃቀፈ፤ 173 ሰው ተረጋግጦና ታፍኖ ሞተ። ባቡር ገና ያልጀመረበት ጣቢያ ነበር። እዚህ ላይ ለባለሥልጣናቱ ነጥብ መስጠት አይቻልም፤ መደገፊያው የተገጠመው ከአደጋው በኋላ ነው።

ለንደን ያላችሁ ቤትናል ግሪን ጣቢያ አጠገብ ያለውን፣ ተገልብጦ የተንጠለጠለ ደረጃ የሚመስል የእንጨት መታሰቢያ በነፃ ማየት ትችላላችሁ። በጦርነቱ ጊዜ ከተሠሩት 8 ጥልቅ መጠለያዎች አንዱ የሆነው ክላፋም ሳውዝ የሚጎበኘው በለንደን ትራንስፖርት ሙዚየም አስጎብኚዎች በኩል ብቻ ነው፤ ትኬት አስቀድሞ ይቆረጣል፣ ቀኖቹም ውስን ናቸው። ደረጃው ብዙ ስለሆነ ጉልበት ለሚያማቸው እናትና አባቶች አይመከርም።