«አልጋ አለ» ሲሏችሁ አልጋውን አሳዩን በሉ

ይህንን የምጽፈው ንዴቴ ገና ሳይበርድልኝ ነው። እናቴ አሁን በመንግሥት ሆስፒታል ተኝታለች፤ ተመስገን፣ እየተሻላት ነው። እዚያ ከመድረሷ በፊት ግን አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ የግል ሆስፒታል ገንዘባችንን በልቶ፣ ከገንዘብ የሚበልጠውን ሌሊት አባክኖብናል። ስሙን አልጠራም። ዓይነቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ፊቱ በመስታወት የተሸፈነ፣ መንገድ ዳር በሰቀለው ሰሌዳ ነጭ ጋውን የለበሱ ሐኪሞች ፈገግ ብለው የሚታዩበት፣ በቴሌቪዥን «24 ሰዓት በስፔሻሊስቶች» የሚል፣ የሲቲ ስካኑንና የኤምአርአዩን ነገር ተናግሮ የማይጠግብ።

እናቴ ስኳርም ግፊትም አለባት። ሳል ሰንብቶባት በዚያ ሌሊት ትንፋሽ አጠራት። ድንገተኛ ክፍል እንደገባን ነርሷ የኦክስጅን መለኪያውን ጣቷ ላይ ስታደርግ 84 አሳየ። ከኮሮና ወዲህ ከ90 በታች ሲሆን መደንገጥ እንደሚገባ የማያውቅ ቤተሰብ የለም። ኦክስጅን ተደረገላት፤ ተረኛው ሐኪምም ጽኑ ሕሙማን ክፍል መግባት አለባት አለ። ወንድሜ በግልጽ ጠየቀ፦ «አልጋ አላችሁ? ከሌላችሁ አሁኑኑ ሌላ ቦታ እንውሰዳት።» «አለ። ማስያዣውን ክፈሉና ይዘጋጃል» ተባልን። ማስያዣው 100,000 ብር ነው። ዘመድ አዝማዱን ከእንቅልፉ እየቀሰቀስን፣ በየስልካችን እያስላክን ሞላን።

ደረሰኙ ከተቆረጠ በኋላ እናቴ የተወሰደችው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳይሆን ወደ ሲቲ ስካን ነው። ስፔሻሊስቱ የታሉ ብንል በሳምንት የተወሰኑ ቀናት፣ ያውም ከሰዓት በኋላ ብቻ እንደሚመጡ ተነገረን። ብዙዎቹ ስፔሻሊስቶች ዋና ሥራቸው የመንግሥት ሆስፒታል ነው፤ በትርፍ ሰዓታቸው የግል ይሠራሉ። በእነርሱ አልፈርድም። የምፈርደው ሌሊት የሌለውን ሰው ሌሊትም አለ ብሎ በሚያስተዋውቀው ላይ ነው።

ሊነጋጋ ሲል ነርሷ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ሪፈር ነው። «አልጋው ተይዟል» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። መቼ ተያዘ? በማን? መልስ የለም። ወደ ገንዘብ ቤቱ መስኮት ሮጥኩ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ስልኳን እየነካካች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«አልጋ አለ ተብለን ነው የከፈልነው» አልኳት።

«ሲለቀቅ ይኖራል ለማለት ነው።»

«እንግዲያው ገንዘባችንን መልሱልን።»

«ሒሳብ ሹሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል።»

«እሺ፣ አምቡላንስ ስጡን፤ ያለ ኦክስጅን መንቀሳቀስ አትችልም።»

«አምቡላንስ ለብቻው ይከፈላል።»

ከእኛ የቀረ ገንዘብ እንደሌለ ስነግራት ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «አቅም ከሌላችሁ ለምን የግል መጣችሁ?» አለችኝ። ከእኔ ኋላ ተሰልፈው የነበሩ ሰዎች ሁሉ ሰሙ። ያንን ያህል ገንዘብ በተቀበለችበት እጇ መስኮቱን ዘጋችው። እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እናቴ እንዳትሰማ ብቻ ነበር የጸለይኩት።

በ907 ደውለን የቀይ መስቀል አምቡላንስ ወሰዳት። በኋላ ሒሳቡን ስንቀበል የኦክስጅን፣ የሲቲ ስካን፣ ፊቱን ያላየነው ስፔሻሊስት «ምክክር»፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአንድ ቀን የጽኑ ሕሙማን አልጋ ተቆርጦብናል። ጎኗ ላልነካው አልጋ! በሬ የሚሸጥ ገበሬ እንኳ በሬውን ገበያ አቁሞ ነው ዋጋ የሚጠራው።

የመንግሥቱ ሆስፒታል ኮሪደር በሕሙማን ተጨናንቋል። በር ላይ የተቀበለን ወጣት ሐኪም ግን ከሁሉ በፊት እውነቱን ነገረን፤ «አልጋ የለንም፣ ለጊዜው ስትሬቸር ላይ ትቆያለች፣ ኦክስጅን ግን አይቋረጥባትም።» ከዚያ ወደ እናቴ ጆሮ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ሳንባዎ ላይ ኢንፌክሽን አለ፤ ጭንብሉን እንዳያወልቁት፤ እኔ እስከ ማታ እዚሁ ነኝ» አላት። ሌሊቱን ሙሉ ምን እንዳመማት ለራሷ የነገራት እርሱ ብቻ ነው። ሕመምተኛ የሚፈልገው ይህንን ነው። ምን እንደያዘው የሚነግረው፣ ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም የሚለው፣ ዋጋውን አስቀድሞ የሚያሳውቀው ሰው። በየማስታወቂያው ግን የማሽን እንጂ የዚህ ነገር ወሬ አይሰማም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 537፣ በብርቱ ለተቸገረ ሰው ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎቱን የሚነፍግን ሐኪም ወይም ነርስ ይቀጣል፤ ከምክንያቶቹም መካከል የገንዘብ ስስትንና ንቀትን ይጠቅሳል። እኛ ላይ የወሰነው ግን ሐኪሙም ነርሷም አይደሉም፤ መስታወቱ ጀርባ ያለው ነው። እርሱን ማን ይጠይቀው? አቤቱታችንን የጤና ተቋማትንም ለሚቆጣጠረው ለከተማው ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እናስገባለን።

እናንተ ግን ማስያዣ ከመክፈላችሁ በፊት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ወጥቶ አልጋውን በዓይኑ ይይ። በዚያች ሌሊት ተረኛ የሆነውን ስፔሻሊስት ስም ጠይቁ። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ አትጣሉ።