ጠባሴ ላይ ሽንት ቤት ያስመጠጥኩበት ቦቴ፦ ከ5 ኮከብ 3

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ውስጥ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ማንን እንደሚጠራ ለጨነቀው ሰው ነው። ቅሬታም ስላለኝ ስማቸውን አልጠራም። ምን እንደሚገጥማችሁ ግን እነግራችኋለሁ።

ግቢዬ ውስጥ አምስት ተከራይ አለ። ሴፕቲክ ታንኩ የተሠራው እኔና ባለቤቴ ብቻችንን ሳለን ነው፤ አሁን ቶሎ ቶሎ ይሞላል። ብርዱም አለበት። በቅዝቃዜ ቆሻሻው ቶሎ አይብላላም፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ በሚወርድበት ሰሞንማ ጭራሽ። ማክሰኞ ደወልኩ። «ነገ ጠዋት እንመጣለን ማዘር» አሉኝ። የመጡት ዓርብ ከሰዓት ነው። እስከዚያ ተከራዮቼ የጎረቤት በር ሲያንኳኩ ከረሙ። ለዚህ አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ። «ማዘር» ስላሉኝ አልቀነስኩም፣ ገና 43 ዓመቴ ቢሆንም።

ሥራቸው ግን አይታማም። ክዳኑን በዲጂኖ ፈንቅለው አነሱት፣ ጎማውን ዘረጉ፣ ፓምፑ ተነሳ። ላይ ላዩን ውሃ ወስደው የሚሄዱ አሉ፤ በሁለት ወሩ መልሰህ ትደውላለህ። እነዚህ ውሃ እየለቀቁ ታች የረጋውን ዝቃጭ አማስለው ነው የመጠጡት። ለአንድ ቦቴ 3,500 ብር፣ መጀመሪያ የተነገረኝ ዋጋ ነው፣ በኋላ «ለናፍጣ» ምናምን የሚል የለም። ያንጠባጠበውንም አጥበው ወጡ።

ሁለተኛው ኮከብ የሄደው በጓንት ነው። ረዳቱ ልጅ ጎማውን በባዶ እጁ አቅፎ ሲታገል ቆየና፣ ዳቦ ይዤ ስመጣ ያንኑ እጁን ዘረጋ። መጀመሪያ ታጠብ አልኩት። «ለምደነዋል ማዘር፣ ችግር የለውም።» እኔ ደግሞ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፖሊዮን ነገርኩት። ቫይረሱ ከገባባቸው 200 ሰዎች ሽባ የሚሆነው አንድ ገደማ ነው። አብዛኞቹ መያዛቸውን እንኳ ሳያውቁ በሰገራ ያወጡታል። ስለዚህ እግሩ የማይንቀሳቀስ ልጅ እስኪመጣ የጠበቀ አርፍዷል፤ ፍሳሽ የመረመረ ግን ይቀድማል። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2013 አንድም ልጅ ሽባ ሳይሆንባት ቫይረሱን ከፍሳሽ አግኝታ ልጆቿን እንደገና ከተበች። ለንደንም በ2022 እንዲሁ፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉትን። ጋዛም በ2024 ቫይረሱ ቀድሞ የተገኘው ከፍሳሽ ነው፤ የ10 ወሩ ሕፃን ሽባነት የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

የፍሳሽ ናሙና አቀዳዱ ቀላል ነው። ጠዋት ሰው ሽንት ቤት በሚያዘወትርበት ሰዓት 1 ሊትር ያህል ይቀዳል፣ በበረዶ ሳጥን ላብራቶሪ ይደርሳል። (እኛ ከተማ ሳጥኑ ምን ያደርጋል እንዳትሉኝ እንጂ፣ ቅዝቃዜ እውነትም ቫይረስ ያቆያል።) እኔን የሚያስቀኝ ግን የበርበሬው ነገር ነው። የበርበሬና የቃሪያ ተክል የሚያጠቃ ቫይረስ አለ። ሰውን አይነካም፤ በምግብ ገብቶ በሰገራ ይወጣል። ተመራማሪዎች ናሙናው ውስጥ የሰው ሰገራ ምን ያህል እንደሆነ፣ ዝናብ አቅጥኖት እንደሆነ ለማወቅ እሱን ይለካሉ። የእኔን ግቢ ቢለኩ መሣሪያው የሚችለው አይመስለኝም፤ እዚህ ቤት በርበሬ ሳይጨምር የሚበላ የለም።

አንዷ ተከራዬ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ቆይታ፣ «ታዲያ የማን እንደሆነ ይታወቃል እንዴ?» አለች፤ ደንግጣ። አይታወቅም አልኳት። የስንቱ ሰው ተቀላቅሎ፣ የሰፈር ነው እንጂ የሰው ስም አይወጣለትም።

ከዚያ ሹፌሩን የት እንደሚደፉት ጠየቅኩት። «ከከተማ ወጣ ብሎ ነው» አለና ጎማውን መጠቅለል ጀመረ። ለዚህ ኮከብ አልቀነስኩም፣ በእሱ ብቻ የሚፈረድ ነገር ስላልሆነ። ግን ሆዴን በላኝ። አዲስ አበባ ቢያንስ ከፊሏ የፍሳሽ መስመር አላት፣ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ የሚወርድ፤ አንድ ቦታ ቆሞ የብዙ ሺህ ሰው መቅዳት ይቻላል። እንደኔ ላለው ሰፈር መስመሩ ይሄ ቦቴ ነው። የዚህን ሁሉ ግቢ ጤና በአንድ ሆድ ይዞ ይዞርና፣ ማንም አንድ ጠርሙስ ሳይቀዳለት ይደፋል። እርግጥ ሴፕቲክ ታንክ የወራት ክምችት ነው፤ ምን ገብቶ እንደነበር እንጂ የዚህን ሳምንት አይናገርም። ለሳምንቱ ወደ በሬሳ ወንዝ የሚወርደው ቦይ ይሻላል። መስመር በሌለባቸው ከተሞች ፖሊዮ የሚፈልጉትም ከእንዲህ ያለ ቦይ ነው የሚቀዱት።

ልጁ ሊሄድ ሲል ልብስ ማጠቢያ የላስቲክ ጓንቴን ሰጠሁት። ሮዝ ነው። ሹፌሩ ሳቀበት፤ እሱ ግን አጥልቆት ክዳኑን መለሰ።

ከደወላችሁ ቀድማችሁ ደውሉ፣ «ነገ» ሲሏችሁ ሁለት ቀን ጨምሩበት። መኪናው ረጅም ነው፣ በር ላይ የቆመ ባጃጅ ካለ አስነሱ። ጓንት ደግሞ እናንተው ግዙ።